አባትን ኤሚሬትስ ስቴዲየም መውሰድ፦ ከትኬቱ እስከ መመለሻው ባቡር

ይህ መመሪያ ለንደን ወይም አካባቢዋ ለምትኖሩና አባታችሁ የአርሰናል ደጋፊ ለሆኑ ነው። በብዙ ቤት ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። አባት ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ፣ ቢግ ቤንን ያያሉ፣ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ። ልጅ ሥራ ይሄዳል። ስንት ዘመን በዲኤስቲቪ ሲያዩት የኖሩት የአርሰናል ሜዳ፣ ኤሚሬትስ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ በባቡር የሚደረስበት ቦታ እንዳለ ያውቃሉ። ትኬቱ ውድ መሆኑንም ስለሚያውቁ ግን አፍ አውጥተው አይጠይቁም። ስትጠይቋቸውም "ኧረ እኔ በቴሌቪዥን ይበቃኛል" ይላሉ። አይበቃቸውም። አትመኗቸው።

አባት እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ ለእናትም ያው ነው። ኳስ ቤት ገብተው ስለማይጮሁ ብቻ የማይቆጠሩ፣ ሳሎን ቁጭ ብለው ግን የሊጉን ሰንጠረዥ በቃላቸው የሚያውቁ እናቶች አሉን።

ከታች የምመክረው ሁሉ ከአንድ ሐሳብ ነው የሚነሳው። ቀኑ የእሳቸው ነው። ጨዋታውም፣ ወንበሩም፣ ሰዓቱም የሚመረጠው በእሳቸው ጉልበት፣ በእሳቸው ጾምና በእሳቸው ትዝታ ነው። እናንተ ማየት የምትመኙት ትልቅ ጨዋታ ሌላ ቀን ይደርሳል። ዝግጅቱ ጊዜ ስለሚፈልግ ከሦስት ከአራት ወር በፊት ጀምሩ።

1. መጀመሪያ የኳስ ታሪካቸውን አስወሩ

ትኬት ከመፈለጋችሁ በፊት አባታችሁ ምን ዓይነት ደጋፊ እንደሆኑ እወቁ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ጎል ሲገባ የሚጮኹትን ጩኸት ብቻ ነው። ከየት እንደጀመሩ፣ ማንን አይተው አርሰናል እንደሆኑ፣ በየትኛው ሽንፈት እራት እንዳልበሉ አንጠይቅም።

በዚያ ዕድሜ ላለ የአዲስ አበባ ሰው ኳስ የጀመረው ከእንግሊዝ አይደለም፣ ከአዲስ አበባ ስቴዲየም ነው። ከስቴዲየሙ መቀመጫዎች ካታንጋ ነበር የሚገቡት፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ ወይስ ጥላ ፎቅ? ይህን ጠይቁና ዝም በሉ። ከዚያ በኋላ የእናንተ ሥራ ቡና መቅዳት ነው። ክለባቸውስ፣ ጊዮርጊስ ናቸው ወይስ ኢትዮጵያ ቡና? በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የሴካፋን (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን) ዋንጫ ስትወስድ ስቴዲየም ውስጥ ነበሩ ወይስ በስፖርት ጋዜጠኛው በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው የተከታተሉት? ዕድሜያቸው ከገፋ ደግሞ ጥር 1954 ዓ.ም.ን ጠይቁ። ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችበትን፣ ሉቻኖ ቫሳሎ አምበል የነበረበትን፣ መንግሥቱ ወርቁ ጎል ያገባበትን ቀን። ምናልባት እሳቸውን ስቴዲየም የወሰዷቸው አባታቸው ይሆናሉ። እናንተ ልታደርጉት ያሰባችሁት ነገር ቤታችሁ ውስጥ ከድሮ የነበረ መሆኑን የምታውቁት እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ ወደ አርሰናል ኑ። ብዙ አባቶቻችን መድፈኞቹን የወደዱት አፍሪካዊ ተጫዋች አይተው ነው። ናይጄሪያዊው ካኑ በ1999 መጣ (ከዚህ በኋላ ዓመቱ በፈረንጆች ነው)። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ቡድኑ ቼልሲ ሜዳ 2 ለ 0 እየተመራ ብቻውን ሦስት አግብቶ 3 ለ 2 አሸነፉ። ሎረን ነበረ፣ ኮሎ ቱሬ ነበረ፣ በኋላ አዴባዮር መጣ። በ2003/04 ሊጉን አንድም ጊዜ ሳይሸነፉ ጨረሱት፣ 26 አሸንፈው 12 አቻ ወጥተው። ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ያለው ማልያም ብዙ ይናገራል። ደረቱ ላይ ካለው የስፖንሰር ስም ጄቪሲ ካለ ከ1999 በፊት የነበረው ነው፣ ኦቱ ካለ ያለመሸነፍ ዘመን ነው፣ ኤሚሬትስ ካለ ከ2006 ወዲህ ነው። የመርካቶ ማልያ ቢሆን ግድ የለም፣ ዘመኑን ያው ይነግራችኋል።

ይህ ሁሉ ወሬ ለቁም ነገር ነው። የያኔው አጥቂ የሄንሪ ሰው ከሆኑ ሐውልቱ ጋ መቆም ይፈልጋሉ። ከዚያ በፊት የነበረውን ቡድን የሚያውቁ ከሆነ ከአዲሱ ስቴዲየም ይልቅ የድሮው ሃይበሪ ሊያስደስታቸው ይችላል። የአሁኖቹን ልጆች፣ ሳካን፣ ሳሊባን የሚከታተሉ ከሆነ ደግሞ ተጫዋቾቹ ሲያሟሙቁ ለማየት ቀደም ብላችሁ መግባት አለባችሁ። ዕቅዱን የሚያወጣላችሁ ወሬያቸው ነው።

2. ገና ሳይመጡ አብራችሁ ማየት ልመዱ

እሳቸው አዲስ አበባ፣ እናንተ ለንደን ሆናችሁም ጨዋታ አብሮ ይታያል። ሰዓቱን አስተካክሉ። እዚህ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ በክረምታቸው ወራት አዲስ አበባ ላይ ምሽት 12 ሰዓት ነው፣ በበጋቸው 11 ሰዓት። እዚህ ያሉ ሰዎች የሚያወሩት በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ለአባታችሁ ስትጽፉ ሁልጊዜ በሐበሻ ሰዓት ቀይራችሁ ጻፉ። በስድስት ሰዓት የተሳሳተ ቀጠሮ ብዙ ጨዋታ አስመልጧል።

እንግሊዝ ውስጥ የቅዳሜ 9 ሰዓት ጨዋታዎች በቀጥታ በቴሌቪዥን አይተላለፉም። ስለዚህ አዲስ አበባ ያሉት አባት እያዩ ለንደን ያለው ልጅ የማያይበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ስልክ ደውሉና እሳቸው ያስተላልፉላችሁ። እውነቴን ነው፣ ከዚህ የተሻለ ስርጭት አላውቅም። ሁለታችሁም የምታዩ ከሆነ ግን ምስሉ እኩል እንደማይደርስ አስታውሱ። በኢንተርኔት የሚያይ ሰው ወደ ኋላ ይቀራል። ጎል ሲገባ ትንሽ ታገሱና ከዚያ ደውሉ።

3. ቪዛው ይቅደም፣ ጨዋታው ይከተል

አባታችሁ እዚሁ ነዋሪ ከሆኑ ይህን እለፉት።

የእንግሊዝ መደበኛ የጎብኚ ቪዛ እስከ ስድስት ወር ያስቀምጣል፣ ማመልከት የሚቻለውም ከጉዞው ሦስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። የመጋበዣ ደብዳቤ፣ ወጪውን የሚሸፍነው ሰው የባንክ ማስረጃ፣ እሳቸው ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ የሚያሳይ ሰነድ፣ ቤት፣ ጡረታ፣ ቤተሰብ፣ ሁሉንም አደራጁ። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ገንዘብ የትም አትክፈሉ።

የጨዋታ ፕሮግራሙ በፈረንጆች ሰኔ ይወጣል። ያ ፕሮግራም ግን አያዛልቅም። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጨዋታዎችን ሲመርጡ ቀንና ሰዓት ይቀያየራል፣ ቅዳሜ የነበረው እሑድ ወይም ሰኞ ማታ ሊሆን ይችላል። አንድ ሳምንት ብቻ የሚቆዩ ከሆነ በአንድ ጨዋታ ላይ አትንጠልጠሉ። ቢያንስ ወር ከሚቆዩ ግን ሁለት ሦስት የሜዳ ጨዋታ ስለሚያገኙ አንዱ ቢንሸራተት ሌላው ይተካል።

ወሩን መምረጥ ከቻላችሁ መስከረም፣ ጥቅምት ወይም ሚያዝያ ይሁን። ታኅሣሥና ጥር ላይ ቀኑ አጭር ነው፣ ዝናቡ አይቆምም፣ ንፋሱ አጥንት ይገባል። ሰዓቱም የቀን ይሁን። የማታ ጨዋታ ያምራል፣ አልክድም፣ ግን ወጥቶ ቤት እስኪደረስ እኩለ ሌሊት ይቃረባል። ከእሑድ ቅዳሜን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ቅዳሴ ሳያስቀድሱ የማይውሉ አባት እሑድ ቀን ልባቸው ሁለት ቦታ ይሆናል።

4. ትኬቱን ከክለቡ ብቻ ግዙ

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ለወንዶቹ የሊግ ጨዋታ ትኬት ዝም ብሎ ድረ ገጽ ገብቶ አይገዛም። መጀመሪያ የክለቡ አባል መሆን ያስፈልጋል። ለእናንተም ለአባታችሁም ለየብቻ የቀይ አባልነት ግዙ። ከዚያ ለየጨዋታው እጣ ውስጥ ትገባላችሁ። እጣው ሲሞላ አብሮ መመዝገብ ስለሚቻል ሁለታችሁን አንድ ላይ አድርጉ። ካልወጣላችሁ ሌላው መንገድ የክለቡ የራሱ መልሶ መሸጫ ነው። የዓመት ትኬት ያላቸው ሰዎች መምጣት ሲያቅታቸው ወንበራቸውን እዚያ ይለቃሉ። በየጊዜው እየገባችሁ ማየት አለባችሁ፣ ጨዋታው ሲቃረብ ይበዛል። ችግሩ እዚያ የሚገኘው በአብዛኛው ነጠላ ወንበር መሆኑ ነው። ከጓደኛ ጋር ተለያይቶ መቀመጥ ይቻላል። ከአባት ጋር ግን አይሆንም። ጎን ለጎን ካልተገኘ ተዉትና ቀጣዩን ጠብቁ።

ክለቡ ጨዋታዎችን እንደ ተጋጣሚው በደረጃ ይከፍላል። ከፍተኛው ከትልልቆቹ ጋር የሚደረገው ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፣ እጣውም ይጠባል። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ዝቅተኛውን ነው። አባታችሁ ማየት የሚፈልጉት አርሰናልን እንጂ ተጋጣሚውን አይደለም። በዚያ ላይ ጎል የማየት ዕድላቸው ይሰፋል።

በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም "ሁለት ትኬት አለኝ" የሚል ሰው ሲመጣ እለፉት፣ ሐበሻም ቢሆን። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ፈቃድ የኳስ ትኬት መሸጥ ከ1994 ጀምሮ በሕግ ወንጀል ነው። ገንዘቡ ብቻ ቢጠፋ አንድ ነገር ነው። አባትን በማልያ አልብሶ በር ላይ "ይህ ትኬት አይሠራም" መባል ግን ለማንም አልመኝም።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበውን ልንገራችሁ። የአርሰናል ሴቶች ቡድን የሊግ የሜዳ ጨዋታዎቹን የሚጫወተው እዚያው ኤሚሬትስ ነው። ያው ሜዳ፣ ያው ማልያ። ትኬቱ በጣም ይረክሳል፣ በቀላሉም ይገኛል፣ ጎን ለጎን ወንበርም አይቸግርም። ቡድኑ ደግሞ ትንሽ ቡድን አይደለም፣ በግንቦት 2025 ሊዝበን ላይ ባርሴሎናን 1 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። የወንዶቹ ትኬት ካልተገኘ አባታችሁን ወደዚህ ውሰዱ። ሕዝቡ ረጋ ያለ ነው፣ ስድቡ ያነሰ ነው። የልጅ ልጆችም ካሉ ሦስት ትውልድ አብሮ ይገባል።

ትኬቱ ስልክ ላይ የሚቀመጥ ነው። የአባታችሁ ስልክ የሚቀበለው መሆኑን ቀደም ብላችሁ እዩ፣ ካልሆነ ጨዋታው ሳይደርስ ክለቡን አነጋግሩ። ቤት ውስጥ በዋይፋይ አውርዱት፣ ስልኩን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። በሩ ላይ ኔትወርክ መፈለግ ያስጨንቃል።

5. ወንበር ሲመረጥ ጉልበትን አስቡ

ኤሚሬትስ ከ60,000 ሰው በላይ ይይዛል፣ ደረጃው ብዙ ነው። የላይኛው ፎቅ ጨዋታው እንደ ካርታ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ነው፣ ቡድኑ እንዴት እንደሚሰለፍ ማየት ለሚወዱ አባት ምርጥ ነው። ግን መወጣጫው አድካሚ ነው፣ ወንበሮቹ ጋም ቁልቁለቱ ያስፈራል። ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ ታችኛው ይሻላል፣ የመጀመሪያዎቹን ረድፎች ግን ተዉ፣ ዝናብ ይደርሳል። ከጎሉ ጀርባ ያሉት ቦታዎች ዘፈኑ የሚደምቅባቸው ናቸው፣ ሆኖም ብዙ ሰው ቆሞ ነው የሚያየው። ቁጭ ብለው ማየት ለሚፈልጉ አባት የሜዳው ጎን ያስፈልጋል። የሚቻል ከሆነ መተላለፊያው ዳር ያለው ወንበር የእሳቸው ይሁን፣ ሽንት ቤት ለመውጣት ሰው ማስነሳት ስለሚከብዳቸው ብቻ ችለው ይቀመጣሉ።

በመካከል ያለው ፎቅ ክለብ ሌቭል ይባላል። ወንበሩ ሰፊና ለስላሳ ነው፣ ከኋላው ሞቅ ያለ አዳራሽ አለ። ውድ ነው። እህት ወንድም ካላችሁ አዋጡ። እንደ እኔ ሦስት ጊዜ በጭንቅ ከመግባት አንድ ቀን በክብር መቀመጥ ይበልጣል። የሚራመዱት በከዘራ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ከሆነ ደግሞ ክለቡ ለዚህ የተለየ ቦታና ሠራተኛ አለው፣ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ጻፉላቸው።

6. ልብስ፣ ምግብ፣ መድኃኒት

ደራርበው ይልበሱ። ከላይ ካፖርት፣ ራስ ላይ ኮፍያ፣ እግር ላይ ወፍራም ካልሲ። ጋቢ መያዝ ከፈለጉ ይያዙ፣ አታሳፍሯቸው። ከማልያ በላይ የተደረበ ጋቢ ሁለት ሰዓት ቁጭ ለሚል ሰው ከማንኛውም ጃኬት ይሻላል። የድሮ ማልያቸውን መልበስ ከፈለጉም አዲስ አልግዛልዎት ብላችሁ አትከራከሩ። ስካርፍ ግን ግዙላቸው፣ በሩ አካባቢ በየመንገዱ ይሸጣል። ግማሹ አርሰናል ግማሹ ተጋጣሚ የሆነውን አትግዙ። የቱሪስት ነው።

ቦርሳ ከኤ4 ወረቀት መጠን ካለፈ አይገባም። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒታቸው፣ መነጽራቸው፣ መሐረብ፣ በቃ።

ምግብ ከመግባታችሁ በፊት ይበሉ። ስቴዲየም ውስጥ ያለው በርገርና ፓይ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው። ዐቢይ ጾም ከሆነ ጭራሽ የሚሆን ነገር ማግኘት ይቸግራል። ካሌዶኒያን ሮድና ኪንግስ ክሮስ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። የ9 ሰዓት ጨዋታ ከሆነ 6 ሰዓት ላይ በያይነቱም ሆነ ጥብስ በልታችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ ተነሱ። ቢራ ለሚወዱ አባትም ይህን ንገሯቸው፦ እንግሊዝ ውስጥ በወንዶቹ የሊግ ጨዋታ ሜዳው በሚታይበት ቦታ መጠጥ መጠጣት በሕግ ክልክል ነው። ከወንበር ጀርባ ባለው መተላለፊያ ይጠጣል፣ ወደ ወንበር ግን ይዞ አይገባም።

7. መንገዱ

ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው አርሰናል ጣቢያ ነው። ለጨዋታ ቀን አልመክረውም። ረጅም ዳገታማ የምድር ውስጥ መተላለፊያ አለው፣ ሕዝቡ ይገፋል። ሆሎዌይ ሮድ ጣቢያም በጨዋታ ቀን ገደብ ይደረግበታል። ፊንስበሪ ፓርክ ውረዱ። ሊፍት አለው፣ ከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ነው፣ በአባት እርምጃ ሃያ አምስት ደቂቃ በሉት። በዙሪያው ያሉ መንገዶች ስለሚዘጉ በታክሲ በር ድረስ እንደርሳለን ብላችሁ አታስቡ።

ጨዋታው ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ስቴዲየሙ ጋ ሁኑ። ዙሪያውን ሂዱ። የሄንሪ፣ የቤርካምፕ፣ የቶኒ አዳምስ፣ የቬንገር ሐውልቶች ውጭ ናቸው። ፎቶ እዚህ ይነሳ። አዲስ አበባ ላሉ ጓደኞቻቸው በቪዲዮ መደወል ከፈለጉም አሁን ይደውሉ፣ ውስጥ ገብታችሁ ሕዝቡ ከሞላ በኋላ ኔትወርኩ ይዳከማል። ይህን የስልክ ጥሪ ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ኳስ ቤት አብረው ሲያዩ የኖሩ ጓደኞች "የት ነህ? የት ነህ?" እያሉ ሲጮኹ አባታችሁ ስልኩን ወደ ስቴዲየሙ ያዞሩታል። ለእሱ አሥር ደቂቃ መድቡ።

8. ውስጥ ከገባችሁ በኋላ

በቴሌቪዥን ለለመደ ሰው ስቴዲየም መጀመሪያ ላይ ግር ይላል። የሚያስተላልፍ ድምፅ የለም። ማን እንደያዘ፣ ማን እንደቀየረ የሚናገር የለም። አወዛጋቢ ነገር ሲፈጠር ደግሞ ደጋግሞ የሚያሳይ የለም፣ ቫር (ዳኞቹ በቪዲዮ የሚያጣሩበት) ሲታይ ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቃል። ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከዚያ ቴሌቪዥን የማያሳየውን አሳዩአቸው፦ ኳስ ሌላው ጎል ጋ ሆኖ ተከላካዮቹ እንዴት መስመራቸውን እየጠበቁ እንደሚወጡ፣ በረኛው ብቻውን ምን እንደሚያደርግ፣ አጥቂው ኳስ ሳይይዝ የት የት እንደሚሮጥ። ኳስ የተጫወቱ አባት ከሆኑ እናንተ ሳትሆኑ እሳቸው ናቸው የሚያሳዩአችሁ። አዳምጡ።

ከመጀመሩ በፊት ስቴዲየሙ በሙሉ ስካርፉን ዘርግቶ ይዘፍናል። ግጥሙን ባያውቁትም አብረው ይቁሙ። ጎል ሲገባ ክንዳቸውን ያዙ፣ ሰው ሁሉ ስለሚዘል ዕድሜ ያለው ሰው ሊገፋ ይችላል። ከኋላ የሚሳደብ ካለ መተርጎም አያስፈልግም። ስድቡ ዘረኛ ከሆነ ግን ዝም አትበሉ፣ ወዲያው በአቅራቢያችሁ ላለው አስተናጋጅ ተናገሩ።

እረፍቱ 15 ደቂቃ ነው፣ የሽንት ቤቱ ሰልፍ ግን ከዚያ ይረዝማል። በ42ኛው ደቂቃ ላይ ተነሱ። ጎል ሊያመልጣችሁ ይችላል፣ አዎ። የአባታችሁ ምቾት ይቅደም።

ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱት። እሳቸውን ቪዲዮ እየቀረጻችሁ ዘጠና ደቂቃ አታሳልፉ። አንድ ፎቶ ይበቃል። ካሜራ ሲያዩ ሰው ሁሉ ይታረማል፣ የሚፈለገው ደግሞ ወንበር እየመቱ "አቀብል! አቀብል እንጂ!" የሚሉት አባታችሁ ናቸው።

9. አባታችሁ ማንቼ ከሆኑ

በአንድ ቤት አባት ማንቼ ልጅ አርሰናል መሆን የተለመደ ነው። ይህ ጠብ አይደለም። ስቴዲየም ላይ ግን ሕግ አለ። በአርሰናል ደጋፊ መካከል የተጋጣሚ ማልያ ለብሶ ወይም ለተጋጣሚ ጎል ጮኾ መቀመጥ አይቻልም፣ ያስወጣል። "አባቴ ናቸው፣ ዝም ብለው ያያሉ" ብላችሁ በማንቼና አርሰናል ጨዋታ ቀን አትውሰዷቸው። ዝም አይሉም፣ ዝም ካሉም ቀናቸው አይደለም። ማንችስተር ውሰዷቸው። ከዩስተን ጣቢያ ባቡሩ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ቀደም ብሎ ከተቆረጠ ይረክሳል። እናንተም በዚያ ቀን ኦልድ ትራፎርድ ተቀምጣችሁ ለአባታችሁ ጎል ታጨበጭባላችሁ።

10. ስትወጡ

ቀድማችሁ አትውጡ፣ እሳቸው ካልጠየቁ በስተቀር። ፊሽካው ሲነፋ ግን ቁጭ በሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሕዝቡ ይውጣ። አስተናጋጆቹ እስኪጠይቋችሁ ድረስ ሜዳውን እያያችሁ ስለጨዋታው አውሩ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ፊንስበሪ ፓርክ ተመለሱ።

ቡድኑ ከተሸነፈ "ምንም አይደል፣ ዋናው መምጣትዎ ነው" አትበሏቸው። ለደጋፊ ምንም አይደል አይባልም። አሰልጣኙ ማንን መቀየር እንደነበረበት ጠይቋቸው፣ መልስ አላቸው።

11. ሌላ ቀን ደግሞ ለሃይበሪ

ስቴዲየሙ ጨዋታ በሌለበት ቀን ይጎበኛል። መልበሻ ክፍሉ፣ ተጫዋቾች የሚወጡበት ዋሻ፣ የአሰልጣኙ ወንበር፣ ሁሉም ይታያል። የጨዋታው ዕለት አድካሚ ስለሆነ ይህን ለሌላ ሳምንት አድርጉት። በዚያን ቀን አርሰናል ጣቢያ ውረዱ፣ አሁን ግፊያ የለም። በ1932 በክለቡ ስም ከመሰየሙ በፊት ጣቢያው ጊሌስፒ ሮድ ይባል ነበር፣ የድሮው ስም እስካሁን ባቡሩ የሚቆምበት ግድግዳ ላይ አለ። ወጥታችሁ ጥቂት ስትራመዱ አቨኔል ሮድ ላይ የሃይበሪ የምሥራቅ ፊት ለፊት ግንብ እንደነበረ ቆሟል። ክለቡ ከ1913 እስከ 2006 የተጫወተው እዚያ ነው። አሁን መኖሪያ ቤት ሆኗል፣ ሜዳው የነበረበት አትክልት ነው። ሄንሪ በዚያ ሣር ላይ ሲሮጥ በቴሌቪዥን ያዩ አባት እዚህ ረጅም ጊዜ ይቆማሉ። አታስቸኩሏቸው።

12. ለአገር ቤት የሚሆን

ለዕለቱ ጨዋታ የሚታተም መጽሔት (ፕሮግራም የሚሉት) በስቴዲየሙ ዙሪያ ሲሸጥ ካገኛችሁ ያዙ። አንድ ብቻ አትግዙ። እሳቸው ለራሳቸው ይፈልጉታል፣ ኳስ ቤት ያሉ ጓደኞቻቸውም ይጠብቃሉ፣ የሰፈሩ ልጅም አይቀርም። ቀላልና ርካሽ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይወስድም፣ ከማልያ ደግሞ ስንት እጥፍ ይረክሳል። ከመግባታችሁ በፊት ግዙ፣ ስትወጡ ላታገኙት ትችላላችሁ። ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ዝናብ ከነካው ወረቀቱ ይበላሻል።